ኔትወርክ የሌለው ካሜራ

ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሃዲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ይህ ወረቀት ሲደርስህ አላህ በጤናና በሥራህ ላይ ያግኝህ። እኛ በዝናብ ተከበን ጭቃውን እየረገምን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ትናንት ሄጄ አይቻታለሁ። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ድሮም አይታመም። «ልጄ አይደውልልኝም» ብላ ስታማህ ስልኳ እጇ ላይ ጠራ፤ አንተ ነበርክ።

ለምን በስልክ አልጠየቀችኝም ትል ይሆናል። የኔዋ ቁልፏን የምትጫናት ትንሽ ስልክ ናት፤ ወሬው ሳያልቅ ሂሳቧ ያልቃል። ነገሩ ደግሞ ረጅም ነው። ነጋዴዋ ራሒማ ቶብና ሽቶ ልታመጣ ወደ ዱባይ ስለምትሄድ በእሷ እጅ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

የእናቶቻችን እናቶች እህትማማቾች ቢሆኑም አንተ ከዚህ ስትወጣ ገና ጢም አላበቀልክም ነበርና ሥራዬን በቅጡ አታውቀውም። አባቴ ከማሉ፣ አላህ ይማረውና፣ ከጎንደር መጥቶ እዚህ ገበያው ጥግ ፎቶ ቤት ከፍቶ ነበር። ሲሞት የተወልኝ ሙያውንና ሦስት ሌንሶች ነው። ፎቶ ቤቱ ቢዘጋም ሙያው አልተዘጋም። በሰርግ ጊዜ ወንዶቹን ወንድ ይቀርጻል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያለውን እኔ እቀርጻለሁ። የሱዳኖቹ ልማድ ወደ እኛም ገብቶ ሙሽራዋ ፀጉሯን ገልጣ፣ አጭር ልብስ ለብሳ በሴቶች ፊት ትጨፍራለች። በዚያ ሰዓት ወንድ የተባለ ከግቢው ይወጣል።

ሥራው መሐላ አለው። ከመጀመሬ በፊት የሙሽራዋ እናት ቁርአን ታመጣለች፤ እጄን ጭኜ እምላለሁ። ጭፈራው ሲያልቅ ሁሉም እያየ ካሴቱን አውጥቼ እጇ ላይ አኖራለሁ። እሷም ወስዳ ሣጥኗ ውስጥ ትቆልፍበታለች። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ፤ የአንዲት ሙሽራ ካሴት እቤቴ አድሮ አያውቅም። ስማርት የሚሉትን ስልክ የማልይዘውም ለዚሁ ነው።

አሁን ግን ካሴት ከገበያ ጠፋ። የመጨረሻዎቹን ካርቱም ድረስ አስፈልጌ ነው ያገኘሁት። ካሜራውም አርጅቶ ባለፈው ፋው ከተማ በነበረው ሰርግ የሴቶቹን ዘፈን ከነካሴቱ በላው። እባክህ ካሜራ ምረጥልኝ። ቪዲዮ የሚቀርጽ ይሁን፤ የአባቴን ሌንሶች የሚቀበል ይሁን፤ አዲስ ሌንስ የምገዛበት አቅም የለኝም፣ ቢኖረኝም እጄ የለመደው እነሱን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኔትወርክ የሌለው ይሁን። እዚህ ሴቱ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «ሀዲያ፣ ኔትወርክ አለው ወይ?» ይሉኛል። አለው ካልኩ በሩ ላይ ቀረሁ ማለት ነው።

ልጄ ሳና ሰላም ብላሃለች። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መብራት ትይዝልኛለች።

እህትህ ሀዲያ

ዱባይ፣ መስከረም 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ሀዲያ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ወረቀትሽን ሳነብ የገዳሪፍ ጭቃ ጫማዬ ላይ የተለጠፈ መሰለኝ። እዚህ ጭቃ የሚባል የለም፤ ሙቀቱ ግን ሰውን ያበስላል። እናቴን ስላየሽልኝ አላህ ይይልሽ። እሷ ማማቱን ካቆመች ያን ጊዜ ነው የምሰጋው።

ጥያቄሽ ትክክለኛው ሰው ጋ ደርሷል። የምሠራው ደይራ ውስጥ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ካሜራ ስጠርግ እውላለሁ። ለአንቺ የሚሆንሽ ሚረርለስ የሚሉት ነው። የድሮዎቹ ካሜራዎች ሆዳቸው ውስጥ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ቦታ ስለሚፈልግ አካላቸው ወፍራም ነው። ባዕድ ሌንስ ከነማገናኛው ስትገጥሚባቸው ሌንሱ ይርቅና ሩቅ ያለው ሰው አይጠራላቸውም። ይኼኛው መስታወቱ የለውም፤ ቀጭን ነው። በተረፈው ቦታ ላይ ከብረት የተሠራ ማገናኛ ቀለበት ይገባና የማንንም አሮጌ ሌንስ ይሸከማል። ደግሞ ሲያዩት ተራ የፎቶ ካሜራ ነው የሚመስለው፤ ጀምሩክ የሚሉት የድንበር ፍተሻ ላይ እንደ ትልቅ ቪዲዮ ካሜራ የፈቃድ ወረቀት አምጡ አይሉም።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽና አትቆጪ። ለምን አዲሱን አትይዥም? ራሱ ያጠራል፤ የሙሽራዋን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። የተቀረጸውን ወዲያው ወደ ስልክ ይልካል። ኔትወርክ እኮ ጂኒ አይደለም እትዬ፤ ካልፈለግሽ ትዘጊዋለሽ። የአባትሽን ሌንሶች መደርደሪያ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፤ ያምራሉ።

እምቢ ካልሽ ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ላኪልኝ። አፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳላይ ቀለበት መምረጥ አልችልም።

ወንድምሽ ሰላሃዲን

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሃዲን፣

የአላህ ሰላም በአንተና አብረውህ ባሉት ላይ ይሁን። እኛ ጋ ሰሊጥ መታጨድ ጀምሯል። ከመተማ ወገን የመጣው ሠራተኛ ወደ ቁረይሻ እርሻዎች እየጎረፈ ገበያው ሁሉ አማርኛ ሆኗል። እናትህ ደህና ናት፤ የላክህላትን መድኃኒት ለጎረቤት አከፋፍላ ጨርሳዋለች።

ጂኒ አይደለም ያልከውን አንብቤ ስቄአለሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ተናደድኩ። እኔ ስለማውቅ ዘግቼዋለሁ ልበል፤ ሴቶቹ መዘጋቱን በምን ያዩታል? ካሴትን ሲያወጡት ያዩታል፣ እጃቸው ላይ ሲገባ ይነኩታል። የተዘጋ ኔትወርክ ምን ይነካል? ባለፈው ዓመት በከሰላ የአንዲት ሙሽራ ጭፈራ ወንዶች ስልክ ላይ ተገኝቶ ትዳሯ በሳምንቱ ፈርሷል። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለዚህ ከእኔ ጋር አትከራከር፤ ሲፈጠርም ኔትወርክ የሌለው ይሁን።

የማስቸኩልህ ምክንያት አለኝ። የሐጃ ቱርካ ልጅ ሰዓዲያ የካቲት 5 ታገባለች። ሐጃ ቱርካን ታውቃታለህ፤ እናትህ የተከራየችው በእሷ ግቢ ነው። እሷ ካስገባችኝ ሰው ሁሉ ያስገባኛል፤ እሷ በር ላይ ካቆመችኝ ደግሞ ማንም አያስገባኝም። ለዚህ ሰርግ ካሜራ ከሌለኝ ሥራው አበቃለት።

ሃምሳ ሚሊሜትር የሚሉትን ሌንስ ልኬልሃለሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ የሰሊጥ ጣሳ ውስጥ ቀብሬዋለሁ፤ ለመንገድ ከሰሊጥ የተሻለ ፍራሽ የለም። አደራህን፣ አብረውህ የሚኖሩት ሰሊጡን ሲያዩ ጣሳውን እንዳለ ምጣድ ላይ እንዳይገለብጡት።

እህትህ ሀዲያ

ዱባይ፣ ኅዳር 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዲያ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ሌንሱ በሰላም ገብቷል። ሰሊጡን በልተነዋል፤ ሌንሱን ግን አልቆላነውም። በቀለበቱ ዙሪያ የገቡ አራት ፍሬዎችን በመርፌ አወጣሁ።

እትዬ፣ ይህን ሌንስ ካሜራ ላይ ስገጥመው የሱቁ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። የሰው ፊት ላይ የሚያወርደው ብርሃን የዛሬዎቹ ላይ የለም። አባትሽ አዋቂ ሰው ነበሩ።

ምርጫው ግን አድክሞኛል። አንዱን ሞከርኩት፤ ምስሉ ግሩም ነው፣ ሩብ ሰዓት ሲቀርጽ ግን ይግልና ይጠፋል። የገዳሪፍን ሙቀት ሲያይ ደግሞ ገና ከሣጥኑ ሳይወጣ ይጠፋል። ሌላው የጠራውን ቦታ አያሳይም፤ በእጅ ለምታጠሪው ለአንቺ ይህ ከሌለ በጭፍን መቅረጽ ነው። ሦስተኛውን ከነቀለበቱና ከነሌንስሽ ላክሁልሽ። የጠራውን ጠርዝ ሁሉ በቀይ መስመር ይከብብልሻል። ከላይ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ስትጫኚ ምስሉ ይጎላልና የሙሽራዋን ሽፋሽፍት ሳይቀር ትቆጥሪያለሽ፤ ቁልፏን እንደዚያ እንድትሠራ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። አንድ ጉድለት አለው። ሃምሳው በዚህ ካሜራ ላይ ጠበብ ይላል፣ ወደ ኋላ ካልሄድሽ ሰው አይገባልሽም። ሴቶች በተጨናነቁበት ሰፋ አድርጎ የሚያየውን ሌንስሽን፣ ሠላሳ አምስቱን ግጠሚ።

አሮጌ ሌንስ ሲገጠምበት ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጊ በተለየ ወረቀት ለሳና ጽፌላታለሁ፤ ሁሉን ወደ መጀመሪያው መልሳ «ያለ ሌንስ ቅረጽ» የሚለውን ትክፈት።

ስለ ኔትወርኩ አታስቢ፤ እሱን ጨርሻለሁ። በግራ ጎኑ ትንሽ ጭረት አለ፣ ያገለገለ ነውና አይክፋሽ።

ወንድምሽ ሰላሃዲን

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሃዲን፣

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የነካኸው ይባረክ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ካሜራው ደርሶኛል።

ሃምሳውን ገጥሜ መጀመሪያ ያየሁት ሳናን ነው። በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ዙሪያ ቀዩ መስመር ሲወጣ ጮህኩ። አባቴ ከርቀቱ ጋር የሚታገለው በግምት ነበር፤ ይህን ቢያይ ኖሮ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እለማመዳለሁ። ዶሮ እቀርጻለሁ፣ ጎረቤት እቀርጻለሁ፣ እናትህን ቀርጫታለሁ፤ ለሃያ ደቂቃ ስታማህ ይዣታለሁ። ሳና ስለ ጭረቱ ጠይቃኝ ነበር፤ በቢላ የተፋቀ ይመስላል አለች። ያገለገለ ዕቃ ቁስል አያጣም አልኳት።

ትናንት ሐጃ ቱርካ አስጠራችኝ። ካሜራውን እጇ ላይ አገላብጣ አየችው። «ኔትወርክ አለው ወይ?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «በምን አወቅሽ?» አለች። ሙያው የሆነ ወንድሜ በእጁ የመረጠው ነው አልኳትና ቁርአኑን ራሴ ጠይቄ ማልኩላት። ሰርጉ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ደስ ብሏት ሳቀች፤ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ለሳና የጻፍክላትን ወረቀት በፕላስቲክ ለብጣ ይዛዋለች። ለውለታህ ከዱዓ በቀር የምከፍልህ የለኝም።

እህትህ ሀዲያ

ዱባይ፣ ጥር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

እትዬ ሀዲያ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ። አንስተሽ «ወንድሜ!» ስትይኝ ስለ ሙቀቱና ስለ እናቴ ጉልበት አወራሁና ዘጋሁት። አፌ እምቢ አለኝ። በወረቀት ይሻለኝ እንደሆነ ልሞክር።

ማልኩ ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ካሜራው ኔትወርክ አለው። ሲፈጠርም አለው። የሌለውን አግኝቼልሽ ነበር፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ገዛው። ሰርጉ ደረሰ፣ ራሒማ ሻንጣዋን ቆልፋ ቆማለች፣ ይህኛው ደግሞ በሁሉም ነገር የተሻለ ነበር። ዘጋሁት። ምልክቱን በቢላ ፋቅሁት። የተዘጋ ከሆነ ምን ይለያል፣ ለአዋቂ ያን ያህል ማስረዳት ልጅነት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንቺን እንደማታውቂ ቆጠርኩሽ፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ያን ለሳና የጻፍኩትን መመሪያ በምንም መንገድ እንዳትጠቀሙበት። ካሜራው ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ እኔ የዘጋሁት ሁሉ ይከፈታል። ያቺ የላይኛዋ ቁልፍም መጀመሪያ የተሠራችው ለኔትወርኩ ነው። ራሒማ ከነገ ወዲያ ትነሳለች፤ ከሰርጉ በፊት ትደርስልሻለች ኢንሻአላህ።

ይቅር በይኝ።

ሰላሃዲን

ገዳሪፍ፣ የካቲት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰላሃዲን፣

ወአለይኩሙ ሰላም። የራሒማ ዕቃ ካርቱም ጀምሩክ ላይ ተይዞ ወረቀትህ የደረሰኝ እሑድ ነው። ሰርጉ ሐሙስ ነበር።

ከአስር ሰላት በኋላ ጀመርን። ስልክ ሁሉ በር ላይ በጉፋ ቅርጫት ተሰበሰበ፤ ልማዱ ነው። ሐጃ ቱርካ በሕይወቷ ዘፍና የማታውቅ ሴት፣ ከበሮውን ከዘፋኟ እጅ ቀምታ ለልጇ ዘፈነች። ሴቱ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ፊቷን በሃምሳው ያዝኩት። ሰላሃዲን፣ እንዲያ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም፤ የአባቴ እጅ ከእጄ ጋር የነበረ መሰለኝ።

ከዚያ ሰዓዲያ ለጭፈራው ስትነሳ ወደ ሠላሳ አምስቱ ቀየርኩ። ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ ቆመ። ሳና የለበጠችውን ወረቀትህን አወጣችና አንድ በአንድ እያነበበች አደረገችው። ተመለሰ። የሰዓዲያን ዓይን ላጥራ ብዬ የላይኛዋን ቁልፍ ተጫንኩ። በማጉላት ፈንታ የስልክ ሥዕል ወጣ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መብራት በራ። ጨነቀኝና ደግሜ ተጫንኩት። ያኔ ከካርቱም የመጣች የዘመድ ልጅ «ያኸዋቲ፣ እህቶቼ፣ የካሜራ ኔትወርክ ስልኬ ላይ መጣ!» ብላ ጮኸች። ስልኳን ጡቷ ሥር ደብቃ ገብታ ኖሯል። እሷ ስልክ ለምን እንደያዘች የጠየቃት ሰው የለም።

ከበሮው ቆመ። ሴቱ ሁሉ የሚከናነብበትን ቶብ ፈለገ፤ ሰዓዲያ ፀጉሯን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐጃ ቱርካ መጥታ ፊቴ ቆመች። «ሀዲያ፣ ቁርአን ላይ ነበር እጅሽ» አለችኝ። ምስሉ ያለበትን ካርድ አውጥቼ እንደ ልማዴ እጇ ላይ አኖርኩላት። ሙቀጫ አስመጥታ በዘነዘና ወቀጠችው፤ የራሷንም ዘፈን አብራ።

አንድም ምስል አልወጣም። ይህን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ያልወጣን ነገር ምን ብዬ ላሳይ? አሁን ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የቀረጽኳቸው ሴቶች ሳይቀሩ እየመጡ «የኔን ቅጂ አላስቀረሽም ወይ?» ይሉኛል። ሁለት ሰርግ ተሰርዞብኛል። ሳና «ጨረስኳችሁ በእጄ» እያለች እህል አልቀምስ ብላለች፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብላትም አትሰማኝም።

ካሜራ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በእጅህ ለሐጃ ቱርካ ጻፍላት፣ «ኔትወርክ እንዳለው ለሀዲያ አልነገርኳትም፣ የማለችው በእኔ ቃል ነው» በላት። ለእኔ የጻፍከውን «ወስደሽ አሳዪያት» የሚለኝ ሰው አልጠፋም። ለእኔ ብቻ የተጻፈውን ለሌላ ዓይን አላወጣም፤ ሥራዬን ታውቃለህ።

ሀዲያ

ዱባይ፣ ሰኔ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዲያ፣

ሰላምታዬን በሐፍረት አቀርባለሁ። ስለ መዘግየቴ የምለው ሁሉ ውሸት ይሆናልና ይቅር።

በራሒማ እጅ ሌላ ካሜራ ልኬልሻለሁ። ይህኛው በእውነት ኔትወርክ የለውም፤ ባለሙያ ፊቴ ፈትቶ አሳይቶኛል። ቀለበቱም አብሮት አለ። አሥር ቀን ስፈልገው ነበር፤ የዚያን ጊዜ አሥር ቀን ብፈልግ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለ ወረቀቱ፣ ጀምሬ ቀደድኩት፣ ደግሜ ጀመርኩ። እናቴ በሐጃ ግቢ ነው የምትኖረው። በዚያ ጉልበቷ ወዴት ትሄዳለች? «የአታላዩ እናት» ሲሏት አፏ ዝም አይልም፣ እንዳትጣላ እፈራለሁ። ከረመዳን በኋላ እጽፋለሁ። ነገሩ እስከዚያ ይበርድ ይሆናል።

ሰላሃዲን

ዱባይ፣ መስከረም 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ ሀዲያ፣

ዒድ ሙባረክ፤ አላህ ከዓመት ዓመት ያድርስሽ። ወረቀት ስላልመለስሽልኝ አልፈርድብሽም።

ጽፌዋለሁ። ሁሉንም፣ ጭረቱን ሳይቀር። የታሸገው ፖስታ የሐጃ ቱርካ ነው፣ በእጅሽ ስጪልኝ። እናቴን ካስወጧት ቤት እከራይላታለሁ። ከዚህ ወዲያ ይህን ነገር ይዤ መተኛት አልቻልኩም።

ሰላሃዲን

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሃዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥህ። እናትህ ደህና ናት፣ የሆነውን አልነገርኳትም፤ ማንም ከቤቷ የሚያስወጣት የለም።

ሐጃ ቱርካ ከዒድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሞታለች። ደም ግፊት ነው አሉ፤ ጧት ገበያ ወጥታ ነበር። ራሒማ ፖስታህን ይዛ የደረሰችው ከሞተች በዘጠነኛው ቀን ነው። አልከፈትኩትም፣ ስሙ የእሷ ነው። እንደታሸገ አስቀምጬዋለሁ። አልቆጣህም ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን እቆጣሃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አዝንልሃለሁ። ሁለቱም ምንም አያደርጉልንም።

ያለፈው ማክሰኞ ከዝሁር ሰላት በኋላ ሰዓዲያ መጣች። ብቻዋን ነበረች፤ ሐዘን ላይ ናት፣ ነፍሰ ጡርም ሆናለች። ከሰርጉ ቀን ወዲህ የእኔን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም። «ሀዲያ፣ እማ ስትዘፍን ካሜራሽ ላይ ነበረሽ» አለችኝ።

«ነበረኝ» አልኳት።

«ድምፅዋ የትም የለኝም። በሕይወቷ አንዴ ነው የዘፈነች፣ እሱም ለኔ። ለልጄ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ሰው ስለ አንቺ የሚለው እውነት ይሁን ብየ አላህን ስለምን ነው የሰነበትሁ። ቅጅ አስቀርቻለሁ በይኝ። አልቆጣሽም፣ ለማንም አልናገርም። ደግሞ ካሜራው ወደ ስልክ ልኮት ይሆናል እንጅ...»

የለኝም አልኳት። አላመነችኝም። ሣጥኔን ከፍቼ ቁልፉን እጇ ላይ አኖርኩላት። ልብሴን፣ የአባቴን ፎቶዎች፣ ሌንሶቹን፣ አንተ የላክኸውን ከካርቶኑ ያልወጣ ካሜራ፣ ሁሉን አንድ በአንድ አወጣችው። አንድ ካርድ ታገኝ እንደሆነ ብላ የሌንሶቹን መክደኛ ሁሉ ከፈተች። እኔ ቆሜ አያታለሁ። ሰላሃዲን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይደለሁም ያልኩትን ሴት ሆኜ በተገኘሁ ብዬ የተመኘሁት ያን ሰዓት ነው። ሌባ ብሆን ኖሮ እናቷን እሰጣት ነበር።

ባዶውን ሣጥን ስታይ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ቀን፣ ፀጉሯን በሁለት እጇ ይዛ።

«ለካ እውነትሽን ኖሯል» አለችኝ።

እህትህ ሀዲያ